የሚሮጠው ብስክሌት ለምን የቆመ ይመስላል?

ጥያቄ፦ «የብስክሌት ውድድር ፎቶግራፍ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በ1/1000 ሰከንድ ሳነሳ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ብስክሌተኛው ግን የሚሮጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ቆሞ ሚዛኑን የሚጠብቅ ይመስላል። የሹተሩን ፍጥነት ወደ 1/30 ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ብስክሌተኛውም ከጀርባው ያለውም አብረው ይደበዝዛሉ። ጀርባው ብቻ እንዲደበዝዝ ብዬ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሞክሬአለሁ፤ እሱም የፈለግኩትን አልሰጠኝም። አንድ ጓደኛዬ በካሜራ መድከም እንደሌለብኝና ፎቶሾፕ በአንድ ደቂቃ እንደሚሠራው ይነግረኛል። ትክክለኛው የሹተር ፍጥነት ስንት ነው? ወይስ ጓደኛዬ እውነቱን ነው?»

ምላሽ፦ ከአፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን ከሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ልጀምር፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ብዥታዎችን እንደ አንድ ወስደዋል። አፐርቸር ሲከፈት የሚመጣው የርቀት ብዥታ ነው። ፎከስ ካረፈበት የራቀ ነገር ሁሉ በየአቅጣጫው እኩል ይፈሳል፤ ከጀርባ ያለች ትንሽ የብርሃን ነጥብ ክብ ትሆናለች። ክብ አቅጣጫ ስለሌለው ስለ ጉዞ የሚነግረን ነገር የለም። የእንቅስቃሴ ብዥታ ግን ያችኑ ነጥብ ስቦ መስመር ያደርጋታል፤ ዓይናችን ፍጥነትን የሚያነበው ከዚያ መስመር ነው። አፐርቸሩን መክፈት እንዲያውም ከሚፈልጉት ያርቅዎታል። ቀዳዳው ሲሰፋ ብዙ ብርሃን ስለሚገባ ሹተሩ፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ መፍጠን ግድ ይሆንበታል፤ ሹተሩ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ መስመሩ ያጥራል።

ሁለተኛው ስሕተት 1/30 እንደማይሠራ መደምደምዎ ነው። ይሠራል። ካሜራ ማን እንደሚንቀሳቀስና ማን እንደቆመ አያውቅም። ሹተሩ ተከፍቶ ሳለ የትኛው ምስል ብርሃን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ቦታውን እንደለቀቀና የትኛው ባለበት እንደቆየ ብቻ ይመዘግባል። ካሜራውን ይዘው ቢቆሙ ቦታ የሚለቀው ብስክሌተኛው ነው፤ እሱ ይደበዝዛል፣ ዛፉ ጥርት ይላል። ካሜራውን በብስክሌተኛው ፍጥነት ልክ ቢያዞሩት ብስክሌተኛው በፍሬሙ ውስጥ ባለበት ይቆያል፤ ቦታ የሚለቀው ዛፉ ይሆናል። ፓኒንግ የሚባለው ይኸው ነው። የእርስዎ ፎቶግራፎች ላይ ሁለቱም የደበዘዙት ካሜራው ከሁለቱም ጋር ስላልነበረ ነው። ከዛፉ ጋር አልቆመም፤ ከብስክሌተኛውም ጋር እኩል አልሄደም።

የዚህ ዓይነቱ በመካከል የመቅረት ጉዳይ ከፎቶግራፍ ታሪክ ዝነኛ ምስሎች አንዱን ፈጥሯል። ፈረንሳዊው ዣክ አንሪ ላርቲግ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ አንድ የውድድር መኪና ሲያልፍ ካሜራውን አዙሮ ሊከተለው ሞከረ፤ መኪናው ግን ቀደመው። የካሜራው ሹተር ምስሉን በጠባብ ስንጥቅ በኩል ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው እየጠረገ የሚያነሳ ስለነበር የመኪናው ጎማ ሞላላ ሆኖ ወደ ፊት ዘመመ፤ ዳር የቆመው ሕዝብ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ዘመመ። ካሜራው ከመኪናው ዘግይቶ፣ ከሕዝቡ ግን ፈጥኖ ነበርና። ምስሉ ድንቅ ነው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን ያንን አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ፍጥነት የለም፤ ቁጥሩ የሚገኝበት ቀላል ስሌት ግን አለ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ለዓመታት በግምት ይደክማል። ሹተሩ ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ብስክሌተኛው ምን ያህል ርቀት እንደሚጓዝ ያስሉ። በትክክል በተሠራ ፓኒንግ ላይ ጀርባው የሚሳበው ያንኑ ርቀት ያህል ነው፤ ርቀቱ የሚለካውም በፎቶግራፉ ላይ ብስክሌቱ በሚታይበት ልክ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ በሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል። በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ የሚሄደው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ1/125 ወደ 8 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/60 ወደ 17፣ በ1/30 ደግሞ ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ብስክሌት 1.7 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም በ1/30 የጀርባው ጭረት የብስክሌቱን አንድ አምስተኛ ያክላል።

በእኔ ዓይን ጭረቱ ከተንቀሳቃሹ ርዝመት አንድ አሥረኛ ሲያንስ ተመልካች ፍጥነትን አያይም፤ የተነቃነቀ ካሜራ ያያል። አንድ አምስተኛ ላይ ሲደርስ ምስሉ ሕይወት ይዘራል። ከአንድ ሦስተኛ ሲያልፍ ጀርባው ወደ ቀለም ብቻ ይለወጣል፤ ይህም ያምራል፣ ነገር ግን ቦታው የት እንደሆነ ይጠፋል። በዚህ መመዘኛ በሰዓት 216 ኪሎ ሜትር የሚበርር የውድድር መኪና በ1/60 ሰከንድ 1 ሜትር ስለሚጓዝ 1/60 ይበቃዋል። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግን ያንኑ 1 ሜትር ለማግኘት 1/30 ይፈልጋል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው 33 ሴንቲ ሜትር የሚሄደው በ1/15 ነው። የሚዘገየው ነገር የሚዘገይ ሹተር ይፈልጋል፤ ብዙዎች ግን ሯጭን በመኪና ቁጥር አንስተው ፓኒንግ አልሆነልኝም ይላሉ።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ጥቅም ይገኛል። ረጅም ሌንስ (የሚሊ ሜትር ቁጥሩ የበዛ፣ ሩቁን የሚያቀርብ) ብዙ ብዥታ ይሰጣል የሚባለው የሚሠራው ቦታዎን ሳይለቁ ሌንሱን ብቻ ከቀየሩ ነው። ወደ ኋላ ርቀው ብስክሌተኛው በፍሬሙ ውስጥ የቀድሞውን ያህል እንዲታይ ካደረጉ ጭረቱ በ50 ሚሊ ሜትርም በ200 ሚሊ ሜትርም አንድ ይሆናል። ስለዚህ ለፓኒንግ ብለው አዲስ ሌንስ መግዛት አያስፈልግዎትም። ርቀት የሚለውጠው የእርስዎን ሥራ ነው። ከቅርብ ሲያነሱ ወገብዎ በፍጥነት መዞር አለበት፤ ከሩቅ ሲያነሱ ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ፍጥነቱም ከሰከንድ ሰከንድ ብዙ አይለዋወጥም። ለጀማሪ 70 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ይዞ ከ15 እስከ 20 ሜትር መራቅ ይቀላል።

ታዲያ ለምን 1/30 ላይ ከሸፈ? ብስክሌተኛውን ለመከተል በሚያደርጉት ጥረት ከፍጥነቱ በ10 ከመቶ ብቻ ቢሳሳቱ በ1/30 ብስክሌተኛው ራሱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ይሳባል፤ ይህ የፊትን መስመሮች ለማጥፋት ይበቃል። በ1/125 ያው ስሕተት 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ፎቶግራፉ ይተርፋል። ስለዚህ መጀመር ያለብዎት ከ1/125 ነው። ጭረቱ አጭር ይሆናል፤ ግድ የለም። እጅዎ ከፍጥነቱ ጋር መስማማት ሲጀምር ወደ 1/80፣ ከዚያ ወደ 1/60፣ ከዚያ ወደ 1/40 ይውረዱ። እርስዎ ደረጃውን ሳይረግጡ ከላይ ወደ ታች ዘለዋል።

የሚበልጠው ችግር ግን አካል ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ከማያቸው የጀማሪ ፎቶግራፎች አብዛኞቹን የሚያበላሸው ቁልፉን ሲጫኑ ካሜራውን ማቆም ነው። ሰው ቁልፍ ሲጫን እጁን የማርጋት ልማድ አለው፤ ለቆመ ነገር የሚጠቅመው ይህ ልማድ ለፓኒንግ መርዝ ነው። እግሮችዎን ፎቶግራፉን ሊያነሱ ወዳሰቡበት ቦታ አቅጣጫ ይትከሉ። ከዚያ እግርዎን ሳያንቀሳቅሱ ከወገብዎ በላይ ብስክሌተኛው ወደሚመጣበት ይጠምዘዙ። ከሩቅ ይቀበሉት፤ ክርኖችዎን ወደ ጎንዎ ሰብስበው ወገብዎ እየተፈታ እንዲመጣ ያድርጉ። ፊት ለፊትዎ ሲደርስ አካልዎ ምንም ጥምዝ አይኖረውም፣ ስለዚህ እንቅስቃሴው ለስላሳ ይሆናል። ቁልፉን ሲጫኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥሉ፤ ከተነሣም በኋላ ብስክሌተኛውን በዓይንዎ ይሸኙት። መስታወት ያላቸው ካሜራዎች በዚያች ቅጽበት መስኮታቸው ይጨልማል፤ የሚያስደነግጠው እሱ ነው፣ በጨለማውም ውስጥ መዞርዎን አያቁሙ። በጀርባ ስክሪን ሳይሆን በዓይን መስኮቱ ይመልከቱ፤ ካሜራው ግንባርዎ ላይ ሲያርፍ ሦስተኛ መደገፊያ ያገኛል።

ዓይንዎን ብስክሌቱ ላይ በጠቅላላ አያሳርፉ። አንድ ነጥብ ይምረጡ፤ የራስ ቁሩ ጠርዝ ወይም ልብሱ ላይ ያለው ቁጥር ሊሆን ይችላል። ያ ነጥብ በፍሬሙ ውስጥ ያለበትን ቦታ እንዳይለቅ ያድርጉ። ፊቱ ጥርት ካለ እግሩ ቢደበዝዝ ማንም ቅር አይለውም፤ እንዲያውም መደብዘዝ አለበት። በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳል የሚያዞር እግር በ1/30 ሰከንድ ውስጥ 18 ዲግሪ ይዞራል፤ ጎማው ደግሞ ዙሪያው 2.1 ሜትር ቢሆን 57 ዲግሪ ያህል ይዞራል፣ ሽቦዎቹም ጠፍተው እንደ ቀጭን መጋረጃ ይታያሉ። በ1/1000 ላይ ግን ጎማው ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ብስክሌቱ የቆመ የመሰለዎት በጀርባው ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የጎማ ሽቦ ተቆጥሮ ስለሚታይም ነው።

ፎከሱን ተከታታይ በሚባለው ዓይነት ላይ ያድርጉት። በካነን ካሜራዎች ኤአይ ሰርቮ ወይም ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤኤፍ-ሲ ይባላል። የማረጋጊያ ሥርዓት ያለው ሌንስ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተራው የማረጋጊያ አሠራር የእርስዎን መዞር እንደ እጅ መንቀጥቀጥ ቆጥሮ ሊታገለው ይችላል። ሞድ 2 ያላቸው የካነንና የሶኒ ሌንሶች በዚያ ሞድ ላይ የላይና የታች ንቅናቄን ብቻ ያርማሉ፤ ለፓኒንግ የተሠራው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ምርጫ ከሌለው ማረጋጊያውን አጥፍተውም አብርተውም ይሞክሩና የሚሻለውን ይያዙ። ካሜራዎ በኤሌክትሮኒክ ሹተር የሚሠራ ከሆነ ወደ ሜካኒካሉ ይመልሱት፤ ብዙዎቹ ሴንሰሮች ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነቡ ምሰሶዎችና ግድግዳዎች እንደ ላርቲግ ሕዝብ ይዘምማሉ።

ብርሃኑ ሌላ እንቅፋት ነው፤ ስለ እሱ ስላልጠየቁ ገና አልገጠመዎትም ማለት ነው። በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና አፐርቸር ኤፍ/16 (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል) ላይ ትክክለኛው የሹተር ፍጥነት 1/100 ገደማ ነው። 1/30 ለማግኘት አፐርቸሩን ከዚያም በላይ መዝጋት ይኖርብዎታል፤ ብዙ ሌንሶች ኤፍ/22 ላይ ያቆማሉ፣ እዚያም ቢደርሱ ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ስለሚበተን ጥራቱ ይወርዳል። በሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራም በጠባብ አፐርቸር ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ይላል። መፍትሔው በሌንሱ ፊት የሚገጠም ኤንዲ የሚባል ጥቁር ፊልተር ነው። ኤንዲ 8 የተባለው ብርሃኑን ወደ አንድ ስምንተኛ ይቀንሳል። በዚያው ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ/11፣ 1/200 ገደማ የነበረው ፍጥነት ወደ 1/25 ይወርዳል። ከዚህ የጠቆረ አይግዙ፤ በጣም የጠቆረ ፊልተር ፎከሱንም ዓይንዎንም ያስቸግራል። ፊልተር ከሌለዎት በማለዳ፣ ወደ ማታ ወይም በዳመና ያንሱ። ካሜራውን ለሹተር ቅድሚያ በሚሰጠው ሞድ ላይ አድርገው አይኤስኦውን ዝቅተኛው ላይ ይቆልፉት፤ አይኤስኦው ከፍ ካለ ለዘገየ ሹተር ብርሃኑ ስለሚበዛ ምስሉ ነጭ ሆኖ ሊቃጠል ይችላል።

የጀርባ ምርጫ ከሹተሩ ያልተናነሰ ዋጋ አለው፤ ሰው ግን ያልፈዋል። ባዶ ሰማይ ቢሳብ ያው ባዶ ሰማይ ነው። ጥርት ባለ ሰማይ ላይ የሚበርርን አውሮፕላን የቱንም ያህል ጥሩ አድርገው ቢከተሉት የተንጠለጠለ ይመስላል፤ የሚያድነው የሚሽከረከር ፕሮፔለር ካለው ብቻ ነው። ይበልጥ የሚያታልለው ደግሞ በአግድም መስመር የተሞላ ጀርባ ነው። አግድም መስመር በአግድም ሲሳብ በራሱ ላይ ስለሚንሸራተት ምንም አይታይም፤ ረጅም የግንብ አጥር ወይም አግድም ቀለም የተቀባ ግድግዳ ፊት የተሠራ ፓኒንግ ከንቱ ድካም ነው። ቀጥ ያሉ የዛፍ ግንዶች፣ በቅጠል መካከል የሚያበሩ ቀዳዳዎች፣ የተለያየ ቀለም የለበሰ ሕዝብ፣ እነዚህ ናቸው ጥሩ ጭረት የሚሰጡት። እኔ ቦታ የምመርጠው መንገዱን አይቼ ሳይሆን ከመንገዱ ማዶ ያለውን አይቼ ነው። ሌላም ላክል፦ ካሜራው በአንድ ቦታ ሆኖ ሲዞር የቅርቡም የሩቁም ጀርባ እኩል ይሳባል። በሚሄድ መኪና ላይ ሆነው ጎን ለጎን ሲያነሱ ግን የቅርቡ ብዙ፣ የሩቁ ተራራ ምንም ያህል አይሳብም። ይህንን ልዩነት ያስታውሱት፤ ወደ ፎቶሾፕ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ፓኒንግ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ወደ እርስዎ ቀጥታ የሚመጣ ብስክሌተኛ በሹተሩ ጊዜ ውስጥ መጠኑ እያደገ ስለሚሄድ በሙሉ ጥርት ሊል አይችልም፤ ንጹሕ ውጤት የሚገኘው ፊት ለፊትዎ በጎን ሲያልፍ ነው። ረጅም ነገር ከቅርብ በሰፊ ሌንስ ሲነሣ መካከሉ ጥርት ብሎ ጫፎቹ ይሳባሉ፤ ጫፎቹ ከመካከሉ በተለየ ፍጥነት ስለሚዞሩ ነው። ሯጭና ፈረስ ደግሞ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታችም ይነጥራሉ፤ ስለዚህ ለልምምድ ብስክሌት ከሁሉም ይሻላል፣ የብስክሌተኛው ጭንቅላት ብዙም አይነጥርም።

ጓደኛዎ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ጥርት ብሎ በ1/1000 የተነሣን ፎቶግራፍ ጀርባውን በፎቶሾፕ መሳብ ይቻላል። የተገላቢጦሹ ግን አይሆንም። በፓኒንግ የተሳበን ፊት ጥርት አድርጎ የሚመልስ እውነተኛ መንገድ የለም፤ ፊቱን «የሚያጠሩ» አዳዲስ ፕሮግራሞች ያልተመዘገበውን ከራሳቸው ይስላሉ፤ የሚያገኙት ፊት የብስክሌተኛው ላይሆን ይችላል። ስለ አንድ ደቂቃውም ተሳስተዋል። በአንድ ደቂቃ የተሠራው በአንድ ሰከንድ ይታወቃል።

የሚታወቅበት የመጀመሪያው ምልክት በብስክሌተኛው ዙሪያ ያለው ጭጋግ ነው። ሰውየውን መርጠው ጀርባውን ብቻ ሲስቡ የልብሱ ቀለም ከጀርባው ጋር አብሮ ይሳብና እንደ ጥላ በዙሪያው ይቀራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሌየሩን (የምስሉን ንብርብር) ያባዛሉ፤ በታችኛው ላይ ብስክሌተኛውን በሙሉ አጥፍተው ቦታውን ከአካባቢው በሚሞላው መሣሪያ ይሸፍኑታል፤ ከዚያ ነው ያንን ባዶ ጀርባ የሚስቡት። ብስክሌተኛውን ከላይ በማስክ (የተመረጠውን ክፍል ብቻ በሚያሳይ ሽፋን) መልሰው ያስቀምጡታል። በፎቶሾፕ ውስጥ ከድሮው ቀጥተኛ የእንቅስቃሴ ብዥታ ይልቅ እ.ኤ.አ. በ2014 የገባው በመስመር የሚመራው ብዥታ ይሻላል፤ መንገዱ ተዳፋት ወይም ጠመዝማዛ ከሆነ ጭረቱን እንዲከተለው ማድረግ ይቻላል። አብሮት የገባው የማሽከርከሪያ ብዥታ ለጎማዎቹ ነው። በነጻ የሚገኘው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ጊምፕም ቀጥታ፣ ክብና ወደ ውስጥ የሚሳብ ብዥታ አለው።

የጭረቱን ርዝመት በስሜት አይወስኑ። ያው የቀድሞው ስሌት እዚህም ይሠራል፦ ብስክሌቱ በፎቶግራፉ ላይ 3000 ፒክስል ከረዘመ አንድ አምስተኛው 600 ፒክስል ነው። ጎማውንም ከዚሁ ጋር ያስማሙ፤ ጀርባው በ1/30 የተነሣ መስሎ የጎማው ሽቦ በ1/1000 እንደቆመ ከቀረ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። ፓኒንግ እንዲመስል ከፈለጉ የቅርቡንና የሩቁን ጀርባ እኩል ይሳቡ፤ የቅርቡን አብልጠው ከሳቡ ከመኪና ላይ የተነሣ ይመስላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥላው ነው። የብስክሌተኛው ጥላ ከእሱ ጋር ስለሚጓዝ በእውነተኛ ፓኒንግ ላይ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ በጥላው ውስጥ ያለው የአስፋልቱ ጠጠር ግን ይሳባል። በፎቶሾፕ ጥላውን ከጀርባው ጋር ከሳቡት ብስክሌቱ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ጥላውን ከብስክሌተኛው ጋር ቆርጠው ካስቀመጡት ደግሞ ከጎማው ሥር የቆመ አስፋልት ይቀራል። መፍትሔው የጥላውን ጨለማ ብቻ በሌላ ሌየር በተሳበው መንገድ ላይ መመለስ ነው፤ ይህ አንዱ ብቻ ሩብ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። የሚያብረቀርቅ መኪና ከሆነ ነጸብራቁም አለ። በመኪናው በር ላይ የሚታየው ዛፍ የቆመ ዓለም ምስል ስለሆነ መኪናው ጥርት ቢልም እሱ መሳብ ይገባዋል። ብርሃኖችም ይጠፋሉ፤ በእውነተኛ ፎቶግራፍ ደማቅ መብራት ሲሳብ ደማቅ መስመር ይሆናል፣ በኮምፒውተር ሲሳብ ግን ነጭነቱ ተከፋፍሎ ግራጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመሳብዎ በፊት ደማቆቹን ነጥቦች ማጉላት ያስፈልጋል። በመጨረሻም ብዥታ የምስሉን ቅንጣት ስለሚያጠፋ ጀርባው እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፤ ጥቂት ቅንጣት መልሰው ይጨምሩበት።

በስልክ የሚያነሱ ከሆነ የአብዛኞቹ ስልኮች አፐርቸር የማይዘጋ ስለሆነ በቀን ብርሃን ሹተሩን ማዘግየት ምስሉን ያቃጥለዋል። አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ብዙ ፍሬሞችን አንስተው ጀርባውን በስሌት ይስቡታል፤ የጉግል ፒክስል 6 እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲህ ያለ አማራጭ ይዞ ወጥቷል። ለትዝታ ይበቃል፤ የጎማው ሽቦና የፀጉር ጫፍ ላይ ግን ስልኩ የት እንደሚያበቃ ይገምታል፣ ግምቱም ሲሳሳት ጠርዙ ይበላሻል።

በደብዛዛ ብርሃን ፍላሽ ከዘገምተኛ ሹተር ጋር ማጣመር ሌላው መንገድ ነው። ፍላሹ ብስክሌተኛውን ያጠራዋል፣ የቀረው ጊዜ ይስበዋል። ፍላሹ ሹተሩ ሲዘጋ እንዲበራ ያድርጉት፤ ሲከፈት የሚበራ ከሆነ ጭረቱ ከፊቱ ስለሚወጣ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። በሞተር ብስክሌት ነጂና በፈረስ ዓይን ላይ ግን ፈጽሞ ፍላሽ አይተኩሱ።

ስለ ደኅንነት አንድ ቃል አጥብቄ ልናገር። ዓይን በመስኮቱ ውስጥ ሲሆን ርቀት ይሳሳታል፤ የሚመጣው ነገር ከእውነቱ የራቀና የዘገየ ሊመስል ይችላል። ከመታጠፊያ ውጫዊ ጎን አይቁሙ፤ መቆጣጠር የተሳነው ተሽከርካሪ የሚወጣው ወደዚያ ነው። መከተል ከመጀመርዎ በፊት በመዞሪያዎ ክልል ሰው ወይም ምሰሶ እንደሌለ ይዩ።

ሌላው ጥንቃቄ የሚመለከተው ፎቶግራፉ ወደሚሄድበት ቦታ ነው። ለዜና ከሆነ በኮምፒውተር የተሳበ ጀርባ አይቀርብም፤ ለምሳሌ የአሜሪካው የዜና ወኪል አሶሺየትድ ፕሬስ ጀርባን በዲጂታል መንገድ ማደብዘዝን በመመሪያው ይከለክላል። በካሜራ የተሠራ ፓኒንግ ግን የሆነውን ነገር የመዘገበ ስለሆነ ተቀባይነት አለው። ለማስታወቂያ፣ ለፖስተር ወይም ለግድግዳ ከሆነ የፎቶሾፑ ሥራ ምንም ነውር የለበትም፤ ደንበኛው ከጠየቀ ግን እንዴት እንደተሠራ ይንገሩት።

የእኔ ምክር የማያወላውል ነው፦ በካሜራ ይሥሩት፣ ፎቶሾፑን ለመጠባበቂያ ይያዙት። በሚቀጥለው ውድድር የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በ1/1000 ያንሱ፤ ጥርት ያሉ ፎቶግራፎች በእጅዎ ካሉ ልብዎ ይረጋጋል፣ ፓኒንጉ ባይሳካ የሚያርሙትም አለዎት። ከዚያ ወደ 1/125 ወርደው ቀሪውን ሰዓት በሙሉ ለፓኒንግ ይስጡት። አራት ወይም አምስት ፍሬም በተከታታይ ያንሱ፤ የመጀመሪያው በጣትዎ ግፊት ስለሚነቃነቅ ከመካከሉ ያሉት ይሻላሉ። ከመቶው አምስት ቢያገኙ ጥሩ ቀን ነው፤ እኔ ከብዙ ዓመት በኋላም በ1/30 ከዚያ ብዙም የራቀ አላገኝም። ቤትዎ ሲገቡ በካሜራው ትንሽ ስክሪን አይፍረዱ። በትልቅ ስክሪን ላይ ሙሉ መጠኑን ከፍተው ዓይኑን ይመልከቱ፤ ዓይኑ ወደ ጎን ከተሳበ ዘግይተዋል ወይም ቀድመዋል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከተሳበ ክርንዎ ከጎንዎ ወጥቷል።